የእማዬ ስልክ የወለደው ልጅ

እህቴ ሰብለ ልጅ ወልዳ አታውቅም። ይህን ከሁሉ በፊት የምጽፈው የጀመረውን መጨረስ ለማይወድ አንባቢ ነው። እኛ ሞያሌ ውስጥ ወሬን ከመሃሉ ሰምቶ፣ መጨረሻውን ራሱ ሠርቶ፣ ድንበር አሻግሮ የሚያደርስ ሰው ስለሚበዛ መጠንቀቁ አይከፋም። አልወለደችም። አሁን መቀጠል እንችላለን።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ አልተስማማንም። እማዬ የፈረንጆቹ ነው ትላለች። ሰብለ የእኔ፣ የእህቷ፣ ነው ትላለች። እኔ የአልበሙ ነው እላለሁ፤ አልበሙ አፍ የለውምና ከሦስታችን የተሻለው ተከሳሽ እኔ ያቀረብኩት ነው።

አልበም ስል ያንን ስልክ ላይ የሚጫነውን ማለቴ ነው፤ ፎቶህን ትከትበታለህ፣ የፈቀድክለት ሰው ሁሉ ካለበት ሆኖ ያየዋል። እኔ ሁለተኛ ደረጃን፣ ፎርም ፎርን፣ ከጨረስኩ ወዲህ በእማዬ ምግብ ቤት ሳህን ከማመላለስ ሌላ ሥራ የለኝም። መቀመጥ ደግሞ አልችልም። ሞያሌ ላይ መቀመጥ የማይችል ሰው ወይ ይነግዳል ወይ ስልክ ይነካካል፤ ለንግዱ ትዕግሥት ስላልነበረኝ አልበሙ ውስጥ ገባሁ።

ግን ማን ያልገባ አለ? ፎቶህን ወንበር ላይ እንደተጣለ ልብስ ዝርክርኩን ትወረውርለታለህ፤ እሱ ቀን ከቀን፣ ወር ከወር፣ ዓመት ከዓመት አጣጥፎ ያስቀምጥልሃል። ፊት ያውቃል። እማዬን በሻሽም ያለ ሻሽም ለይቷታል፤ እኔ እንኳ አንዳንድ ጊዜ ከሩቅ እሳሳታለሁ። ደስ ሲለው ደግሞ አንዱን የድሮ ፎቶ ራሱ ይመርጥና፣ ፒያኖ ጨምሮበት፣ «ታስታውሳለህ?» ይልሃል። አንድ ጊዜ በዚህ ፒያኖ አልቅሻለሁ። ፎቶው ጥራቱን ለእማዬ ላሳያት ገበያ ላይ ያነሳሁት የሽንኩርት ጆንያ ነበር።

ከሁሉ የሚጥመኝ ግን ያልተነሳው ነገር አለመታየቱ ነው። ኬንያ በኩል፣ ከሞያሌ ወጣ ብሎ ቡቲዬ ያለው ቤታችን አልበሙ ውስጥ ፍየል የለበትም። ስልኩን ትንሽ ወደ ላይ ቀና ካደረግከው የቆርቆሮው ጣሪያና ሰማዩ ብቻ ይገባሉ፤ ሰማዩ ደግሞ የትም ሰማይ ነው። ሰብለ ነጭ መኪና ተደግፋ የተነሳችው አለ፤ መኪናው ምሳ ሊበላ የቆመ ደንበኛ ነበር። የኛ ነው ብለን አልጻፍንም። አይደለም ብለንም አልጻፍንም።

ይህን ሁሉ የለፋሁት ለዳዊት ነው። ዳዊት የሰብለ እጮኛ ሊሆን ምንም ያልቀረው፣ ናይሮቢ ተወልዶ ናይሮቢ ያደገ ልጅ ነው። አማርኛውን በእናቱ በኩል ነው የተማረው፣ ሲቆጣ ብቻ በስዋሂሊ ይጨርሰዋል። አክስቱን ሊጠይቅ መጥቶ ሰብለን አያት፣ ተመለሰ፣ ከዚያ በኋላ ፍቅራቸው የቆመው እኔ በከፈትኩት አልበምና እኔ በምገዛው ባንድልስ፣ በኢንተርኔት ጥቅሉ፣ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ዘመዶቹን አስገባ። ናይሮቢ ያለችውን የአጎቱን ልጅ ሜሮንን፣ ድንበሩን እንደተሻገርን ኢትዮጵያ በኩል ልብስ የምትሰፋውንና የምትሸጠውን አክስቱን እትዬ ብርቅነሽን። እናቱ ካረፈች ወዲህ በቤታቸው የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው እትዬ ብርቅነሽ ናት። በአጠቃላይ አሥራ አንድ ሰው ሆንን። ሽማግሌው ለመስከረም ሦስት ተቀጠረ።

አሁን ወደ እማዬ ስልክ እንምጣ።

እማዬ ኬንያ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ኖራለች፣ በሺሊንግ ትሸጣለች፣ በስዋሂሊ ትከራከራለች፣ ቀን ግን ከማንም አትበደርም። ዓመቱ የኢትዮጵያ ዓመት ነው፣ አለቀ። ዳዊት ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ በስጦታ ሲልክላት መጀመሪያ ያየችው ቀኑን ነው።

«ይሄ ደግሞ ምን ነክቶት ነው ስምንት ዓመት ያስረጀኝ?» አለች።

ነገሩን ንቄ ተውኩት። እሷ ግን አልተወችውም። ግንቦት አሥር ረፋድ ላይ ደንበኛ ሲጠፋ ስልኩን ይዛ ማዕዘን ላይ ተቀመጠችና ጠራችኝ።

«ግንቦት ስንተኛ ወር ነው?»

ከመስከረም ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩላት። «ዘጠነኛ።»

ለምን እንደጠየቀችኝ አልጠየቅኳትም። ጥፋቱ የኔ ነው የምትለው ሰብለ ክሷን የምትጀምረው እዚህ ጋ ነው። እማዬ ቀኑን አሥር፣ ወሩን ዘጠኝ፣ ዓመቱን 2017 አድርጋ ስልኩን በገዛ እጇ አስተካከለችው። ስልኩ በበኩሉ ዘጠነኛው ወር ሴፕቴምበር ነው ብሎ ያምናል። እንዲህ ሆኖ የእማዬ ስልክ ከኛ ጋር ቡቲዬ እየኖረ፣ ልቡ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ፣ ሴፕቴምበር አሥር ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ወዲያው ኢንተርኔቱ አልሠራ አለ። እማዬ ኔትዎርኩን ሰደበች። እኔም ተባበርኳት፤ እኛ ጋ ኔትዎርክ ለመሰደብ ምክንያት አያጣም፣ አልጋህ ላይ ተኝተህ «እንኳን ወደ ኢትዮጵያ በደህና መጣህ» የሚል መልእክት የሚደርስበት አገር ነው። በአራተኛው ቀን ወደ ፈንዲው ወሰድነው፤ ስልክ ጠጋኙ ማለቴ ነው። አንዴ አየና ሳቀ።

«ማማ፣ ስልክሽ እኮ 2017 ላይ ነው ያለው።»

«እኔስ የት ነው ያለሁት?» አለችው እማዬ።

ፈንዲው ቀኑን ወደ ቦታው መለሰ፤ ኢንተርኔቱም ሠራ። እኛም ረሳነው። ነገር ግን በነዚያ አራት ቀናት፣ ገና በመጀመሪያው ዕለት፣ አንድ ነገር ሆኖ ነበር። ጎረቤታችን ቱሜ ወለደች።

ቱሜ ቦረና ናት፣ የእህት ያህል ናት። ባሏ ከብቶቹን ይዞ ራቅ ብሎ ቦሪ ወርዶ ነበርና ሌሊት ምጡ ሲመጣባት በቦዳ፣ በሞተር ታክሲ፣ አፈናጣ ሐኪም ቤት ያደረሰቻት ሰብለ ናት፤ ሦስት ቀንም ከአጠገቧ አልተነሳችም። ልጁ በጠራራ ፀሐይ ስለተወለደ ጉዮ ተባለ፤ በቀን የተወለደ እንደማለት ነው። በቦረና ስንት ሰዓት እንደተወለድክ ስምህ ይናገራል፤ በስንት ዓመተ ምሕረት ግን ማንም አያስጨንቅህም። ከዚህ ታሪክ በኋላ ይህንን ሕዝብ ይበልጥ አክብሬዋለሁ።

እኔም ፎቶ አነሳኋቸው። በእማዬ ስልክ። ቱሜ ልትታጠብ ሄዳ ስለነበር አልጋው ላይ የተቀመጠችው ሰብለ ናት፤ ፀጉሯ ተንጨባሮ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ አብጦ፣ ጉዮን ታቅፋ። ከጎኗ እማዬ የገንፎ ሳህን ይዛ ፈገግ ብላለች። በበኩሌ የተሻለ የአራስ ፎቶ አይቼ አላውቅም። የጎደለው አራሷ ብቻ ናት።

በነሐሴ የእማዬ ስልክ ሞላ። ፎቶዎቹን በሙሉ ወደ አልበሙ ገለበጥኩ። አላየኋቸውም፤ ማን አራት መቶ ፎቶ ያያል? አልበሙ ግን አየ። የእኛን የግንቦት ፎቶዎች 2017 ውስጥ፣ ከታች ከሥር፣ ማንም በማይደርስበት ቦታ አጣጥፎ አስቀመጠ። የሕፃን ፊት ሲያይ «ይህ ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጣቴ ላይ ፍቅር መጣብኝና «ልጃችን» ብዬ ጻፍኩ። ይቺንም ሰብለ አልረሳችልኝም።

ከዚያ ጳጉሜ አምስት መጣ። እኛ ጋ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። ስልኩ ጋ ሴፕቴምበር አሥር ነው።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ለደንበኞቻችን «እንኳን ለ2018 በሰላም አደረሳችሁ» እያልኩ መልእክት እልክ ነበር። የሰባተኛውን ሰው ጽፌ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። ፒያኖው ተጀመረ። በእንግሊዝኛ «ከስምንት ዓመት በፊት፣ ልክ በዛሬዋ ዕለት» የሚል ወጣ፣ ከጎኑም 2017። ከሥሩ ሰብለ፣ አልጋው፣ ነጠላው፣ ገንፎው፣ «ልጃችን»።

ለአሥራ አንዳችንም ነበር የደረሰው።

የመጀመሪያዋ ሜሮን ናት። «ዋው፣ ሲያምር! አሁን ስንት ዓመቱ ነው?» ብላ ጻፈች። ሜሮን ክፉ አይደለችም። የልጅ ዕድሜ መጠየቅ የምትወድ ሰው ናት።

ከዚያ ዳዊት ደወለ። ለኔ።

«ልጁ የማን ነው?»

«የቱ ልጅ?»

«ስንት አሉ?»

እስቲ እናንተ አስረዱት። እኔ እንዲህ አልኩ፦ «ስማ ዳዊት፣ ይሄ ፎቶ የግንቦት ነው፣ የዘንድሮ። እማዬ ግንቦት ዘጠነኛ ወር ስለሆነ ሴፕቴምበር አደረገችው።»

«ቆይ፣ ግንቦት ሴፕቴምበር ነው?»

«ለስልኩ።»

«እና 2017ስ?»

«እሱ ትክክል ነው። ማለቴ ላንተ አይደለም፣ ለኛ ነው።»

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፣ አንዱም ግን እንደዚህች እውነት ውሸት መስሎ አያውቅም። በመጨረሻ «አክስቴ ካየችው አለቀ» አለና የቀረውን በስዋሂሊ ጨርሶ ዘጋው።

ሰብለ ጓዳ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሁሉን ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ለኔ ለምን አልደወለም?»

«አፍሮ ነው።»

«አንቺን ሲጠይቅ አላፈረም?» ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ አልጠየቅኩም። «ንገሪው። ሽማግሌ እንዳይልክብኝ። ሁለት ዓመት አውቆኝ ስልክ የሚያምን ባል አልፈልግም።»

እዚህ ላይ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። እህቴ አንዴ አልፈልግም ካለች ታቦት ቢለምናት አትመለስም፤ እንደምትወደው ደግሞ አውቃለሁ፣ የሁለት ዓመት ባንድልስ የገዛሁት እኔ ነኝ። ማስተካከል ነበረብኝ። ማስተካከል ደግሞ ከሁሉ የምጠላው ሥራ ነው፣ ስለማልችልበት።

መጀመሪያ ፎቶውን አጠፋሁት። ከኔ ስልክ ጠፋ፤ ከአሥሩ ሰው ስልክ አልጠፋም። ቀጥሎ የተሻለ የመሰለኝን አደረግሁ። ከእማዬ ስልክ ያንኑ ቀን የተነሳ ሌላ ፎቶ ፈለግሁ፤ ጉዮ በሌላ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ሰብለ ነጠላዋን አውልቃ። እውነተኛውን የፈረንጅ ዓመት፣ 2025ን፣ ጽፌበት ብጭነው ሰው ሁሉ አይቶ ይገባዋል አልኩ። ቀኑን ከፈትኩ፣ ዓመቱን ለውጬ ጻፍኩ፣ ጫንኩት። ተንፈስ አልኩ።

ያቺ ጣቴ ከጠዋት ጀምሮ «እንኳን ለ2018 በሰላም አደረሳችሁ» ስትል የዋለች ጣት መሆኗን ያስታወስኩት ሜሮን ስትጽፍ ነው።

«በዓመቱ ሁለተኛ? ጎበዝ! ይሄኛው ደግሞ አባቱን ነው የሚመስለው።»

አሁን እህቴ የሁለት ልጆች እናት ሆነች። አንዱ ስምንት፣ አንዱ ሰባት ዓመቱ።

ከዚህ በኋላ አንድ መንገድ ብቻ ቀረ፦ እትዬ ብርቅነሽ ዘንድ በእግሬ ሄጄ፣ ልጁን በአካል አቅርቤ፣ ገና ጥርስ እንዳላወጣ ማሳየት። ቱሜን ለመንኳት። «ማል ታቴ?» አለችኝ፣ ምን ሆንሽ እንደማለት። ነገርኳት። ሳቋን ጨርሳ ጉዮን እስክታዝል ጊዜ ፈጀብን። ሦስታችንም በአንድ ቦዳ ወደ ከተማ ወጣን፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ድንበሩ በእግር።

የድንበሩ በር አጠገብ ቱሜ የአማቷን ዘመድ አየችና ሰላም ልትል ዞር አለች። ቦረና ሰላምታ የከብቱንም፣ የዝናቡንም፣ የግጦሹንም ደህንነት ስለሚያጠቃልል ጉዮን ለኔ ሰጥታኝ ነው የሄደችው። ዩኒፎርም የለበሰ የድንበር ጠባቂ አየኝ። ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ የቸኮልኩ እመስላለሁ፣ ልጁም ያለቅሳል።

«ምቶቶ ዋ ናኒ?» አለኝ።

ልጁ የማን ነው ማለቱ ነው። በዚያ ቀን ይህን ጥያቄ ስሰማ ስንተኛዬ ነው? ትዕግሥቴ አለቀ።

«የኔ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «የእህቴም አይደለም!»

ድንበር ላይ የሚያለቅስ ልጅ ታቅፎ ይህን ዓረፍተ ነገር መጮህ እንደማይገባ ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም። ሰውዬው ቀስ ብሎ ተነሳ። ሌላውም ተነሳ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች ለወሬው ቀረብ አሉ። ቱሜ እየሮጠች ባትደርስ ይህን የምጽፍላችሁ ከሌላ ቦታ ነበር። ልጁን ከእጄ ቀምታ፣ ምንም ሳትናገር፣ ጡቷን ሰጠችው። ጉዮም ዝም አለ። ከዚህ የተሻለ መታወቂያ አይቼ አላውቅም። ሰውዬው እጁን ወዘወዘና አሳለፈን፤ እኔን ግን እስክርቅ ድረስ ሲያየኝ ነበር።

የእትዬ ብርቅነሽን ሱቅ የበዓል ገዢ ሞልቶታል። ሜትሯ አንገቷ ላይ፣ መነጽሯ በክር ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰላም ሳልል ጀመርኩ። ስለ ግንቦት፣ ስለ ዘጠነኛ ወር፣ ስለ ሴፕቴምበር፣ ስለ ገንፎው፣ ስለ ፈንዲው፣ ጉዮን እንደ ሰነድ ወደ ፊቷ አቅርቤ። ቀሚስ የሚለኩት ሴቶች ልካቸውን ትተው ሰሙኝ።

«እሺ፣ ቆዪ» አለችኝ። «ስልኬን አቀብዪኝ።»

መነጽሯን አደረገች፣ ስልኩን እስከ ክንዷ ጫፍ አራቀች። እንግሊዝኛ አታነብም፤ ቁጥር ግን ታነባለች።

«2017 ይላል።»

«አዎ እትዬ፣ ግን እሱ—»

«ዘንድሮ ነዋ።»

«…አዎ።»

«ዛሬ የሚያልቀው።»

«አዎ።»

«ታዲያ የሰው ልጅ ተሸክመሽ ምን ያስሮጥሻል? ጠዋት አይቼዋለሁ እኮ። የጎረቤት አራስ ስትጠይቅ የተነሳችው ነው ብዬ ነው ያለፍኩት። የሷ ነው ብዬ ልጠረጥር? ለፋሲካ እዚሁ ቆማ ቀሚስ ለክቼላታለሁ፤ ወገቧ ስንት እንደነበር በመዝገቤ አለ። በፋሲካና በግንቦት መካከል ልጅ የሚያደርስ ሆድ የት አለ?»

ለካ በአሥራ አንድ ሰው መካከል ፎቶውን በትክክል ያነበበችው እንግሊዝኛ የማታነበው ሴት ብቻ ናት። በፈረንጅ ካነበብከው እህቴ ጉድ ሆናለች፤ በኛ ካነበብከው ንጹሕ ናት፣ ምስክሯም የልብስ ሰፊ ሜትር ነው።

ላመሰግናት አፌን ስከፍት ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እኔን ያስጨነቀኝ ይሄኛው ነው» አለች፣ ሁለተኛውን ፎቶ እያሳየችኝ። «2018 ይላል። ገና እኮ አልገባም።» አማተበች። «ያልመጣ ዓመት ላይ ልጅ ታቅፋ ቁጭ ብላለች። ይሄን ማን አነሳው? ቄሱን ላማክር ነበር።»

«እኔ ነኝ እትዬ። ቀኑን የቀየርኩት እኔ ነኝ።»

«ቀን ቀየርሽ?»

«ላስተካክል ብዬ።»

መነጽሯን አውልቃ በደንብ አየችኝ። «የእናትሽ ስልክ ዓመቱን ያለ አንዳች ስህተት ነግሮኛል። የዋሸሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ቱሜ አማርኛው ሁሉ ባይገባትም ከሁሉ ጮክ ብላ ሳቀች።

ከዚያ እትዬ ብርቅነሽ ለዳዊት ደወለች። ስልክ ስታወራ ናይሮቢ በአየር እንዲሰማ ነው የምትጮኸው። «አንተ! ስምንት ዓመቱን ከየት አመጣኸው? … ይጻፋ! ስልክ የጻፈውን ሁሉ ታምናለህ? … ልጅቷን ጠየቅካት? … እህትዮዋን? እህትዮዋማ ይቺው እፊቴ ናት፣ እሷን የጠየቀ ምን ያገኛል? … ለኔ አይደለም ይቅርታ! ለሷ ደውል! አሁን!»

ቤት ስደርስ የሰብለ ስልክ እየጠራ ነበር። አምስት ጊዜ አስጠራችው፤ ቆጥሬያለሁ። በስድስተኛው አነሳችው፣ ለረጅም ጊዜ ሰማች፣ ከዚያ «ልጁ ደህና ነው፣ ሁለት ጥርስ ሊያወጣ ነው» አለች። ቀጥሎ ስትስቅ ሰማሁ። በሩን ዘግቼላት ወጣሁ። አንዳንድ ጊዜ ጨዋ ነኝ።

መስከረም ሦስት ሽማግሌዎቹ መጡ። እማዬ ልጄ ገና ናት ብላ እንደ ወጉ አንገራገረች፣ ከዚያ እንደ ወጉ ተስማማች። የኔ ስልክ ሞልቶ ስለነበር ሁሉንም በእማዬ ስልክ አነሳሁ። ቆንጆ ፎቶዎች ነበሩ፤ አንድም ፍየል የለባቸውም። ማታውኑ ልጭናቸው ስል ኢንተርኔቱ አልሠራ አለ። ኔትዎርኩን ሰደብኩ። በማግስቱ እማዬ ፈንዲው ጋ ወስዳ አሠርታው መጣች፣ እኔም አመስግኜ ሁሉንም ወደ አልበሙ ለቀቅሁ። ፈንዲው ምን እንደሠራላት አልጠየቅኳትም። እሷም እንቁጣጣሽ ጠዋት ላይ የስልኩን ቀን ለአዲሱ ዓመት በገዛ እጇ እንዳስተካከለችው፣ መስከረም ደግሞ አንደኛ ወር እንደሆነ፣ አልነገረችኝም።

አልበሙ እንደ ልማዱ ሁሉን በየዓመቱና በየወሩ አጣጠፈው። ሴፕቴምበር 2017፣ ሰብለ ልጅ ታቅፋ። ጃንዋሪ 2018፣ ሽማግሌዎች በእማዬ ቤት። ሴፕቴምበር 2018፣ ማጥፋቱን የረሳሁት ሁለተኛው ልጅ። ፒያኖ ጨመረበትና ለአሥራ አንዳችንም ላከው።

ሜሮን ወዲያው ጻፈች። «አሁን ገባኝ። መጀመሪያ ወለዱ፣ ከዚያ ሽማግሌ ላኩ፣ ከዚያ ደገሙ። ዋናው መፋቀር ነው።»

ላስረዳት ስልኩን አነሳሁ። «ሜሮንዬ፣ መስከረም አንደኛ ወር ስለሆነ» ብዬ ጀመርኩ። አነበብኩት። አጠፋሁት።

መልእክቷ ላይ ቀይ ልብ ሰጠኋት።